ማውጫውን በእጅ አትፃፉት፦ የሪሰርች ሄዲንግና ቴብል ኦፍ ኮንተንት አሰራር ከሀ እስከ ፐ

ሰኔ ሲመጣ ሐዋሳ ውስጥ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉ ፕሪንት ቤቶች በተማሪ ይሞላሉ፣ ዋናው ግቢ በሉት ቴክኖ በሉት ሪፈራል ነገሩ ያው ነው፣ ፍላሽ ይዞ የቆመ ልጅ "ማውጫውን ብቻ አስተካክሉልኝ" ይላል። ፋይሉ ሲከፈት ነጥቦቹ አንድ በአንድ በእጅ የተደረደሩ፣ የገፅ ቁጥሩ በስፔስ እየተገፋ የተቀመጠ፣ አድቫይዘሩ አንድ ፓራግራፍ ጨምሩ ባሉ ቁጥር ደግሞ ከዛ በታች ያለው ሁሉ የሚፋለስ ነው። ለአራት ወር ዳታ የሰበሰበ ልጅ ዲፌንስ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሌሊቱን ነጥብ ሲቆጥር ማደሩ በእውነት ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጭራሽ መኖር የሌለበት ስራ ነው።

ማውጫ የሚፃፍ ነገር አይደለም። ሄዲንጉን፣ ማለትም ርዕሱን፣ በስታይል ከሰራችሁት ማይክሮሶፍት ወርድ ራሱ ያወጣላችኋል፣ ገፁ ሲቀያየርም ራሱ ያስተካክላል። ስለዚህ ስራው ሁሉ ያለው ሄዲንጉ ላይ ነው፣ ከዚህ በታች የምፅፈውም በአብዛኛው ስለሱ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ጥናት እንያዝ፣ ሐዋሳ ሀይቅ ላይ ስላሉ አስጋሪዎችና ስለ ዓሣ ገበያው የሚያጠና፣ አሞራ ገደል ሄዶ አስጋሪና ነጋዴ የሚያናግር ጥናት።

ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት

የዲፓርትመንታችሁን ጋይድላይን ያዙ። ከሌላ ዲፓርትመንት ጓደኛ ወይም ካለፈው ዓመት ተመራቂ የተቀበላችሁት ፋይል ጋይድላይን አይደለም። ብዙ ቦታ የሚጠየቀው ታይምስ ኒው ሮማን 12፣ የመስመር ርቀት 1.5፣ በግራ በኩል ደግሞ ለጥራዝ ሰፋ ያለ ማርጅን ነው፣ ግን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የናንተን እዩ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ጋይድላይኑ "ኤፒኤ ተጠቀሙ" ይላል፣ ኤፒኤ ማለት የጥናት ፅሁፍ አፃፃፍና የሪፈረንስ መመሪያ ነው፣ 7ኛው እትሙ ደግሞ የራሱ አምስት የሄዲንግ ደረጃ አለው፦ አንደኛው መሀል ላይ ቦልድ፣ ሁለተኛው በግራ ቦልድ፣ ሶስተኛው በግራ ቦልድና ኢታሊክ፣ አራተኛው ገባ ብሎ ቦልድ ሆኖ በነጥብ የሚያልቅና ፅሁፉ እዛው መስመር ላይ የሚቀጥል፣ አምስተኛው እንደ አራተኛው ሆኖ ኢታሊክ የሚጨመርበት። አንዱም ላይ ቁጥር የለም። እኛ ጋ ግን ምዕራፍ አንድ፣ 1.1፣ 1.2 እየተባለ ነው የሚሄደው፣ ይሄ ደግሞ ከኤፒኤ ጋር አይገጥምም። ሲጋጩ የዲፓርትመንቱ ይቀድማል፣ ኤፒኤው ለሳይቴሽንና ለሪፈረንስ ይቆያል። ለማንኛውም አድቫይዘራችሁን "ሄዲንጉ ቁጥር ይኑረው ወይስ አይኑረው" ብላችሁ በግልፅ ጠይቁ፣ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ነው፣ ሳትጠይቁ ከቀራችሁ ግን መጨረሻ ላይ 60 ገፅ ማስተካከል ይመጣል።

ከዛ ወረቀት ላይ አፅሙን ፃፉ፣ ለምሳሌ የመጀመሪያው ምዕራፍ እንዲህ ይሆናል፦

ምዕራፍ አንድ፦ መግቢያ
1.1 የጥናቱ ዳራ
1.2 የችግሩ መግለጫ
1.3 የጥናቱ ዓላማ
1.3.1 ዋና ዓላማ
1.3.2 ዝርዝር ዓላማዎች
1.4 የጥናቱ ጥያቄዎች
1.5 የጥናቱ ጠቀሜታ
1.6 የጥናቱ ወሰን

ይሄኛው ቀላል ነው፣ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ሰው የሚጠፋው ምዕራፍ ሁለት ላይ ነው፣ ሊትሬቸር ሪቪው ላይ፣ 2.1.1.1.2 የሚል ቁጥር የምታዩት እዛ ነው። ሶስት ደረጃ ይበቃል። አራተኛ ደረጃ ያስፈለጋችሁ ከመሰላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሄዲንግ ማነስ ሳይሆን ክፍሉ በደንብ አለመከፈሉ ነው፣ ወይ አንዱን ክፍል ወደ ላይ አውጡት ወይ ሁለቱን አንድ አድርጓቸው። ሌላው፣ አንድ ብቻውን የቆመ ንዑስ ርዕስ አይኑር፣ 2.3.1 ካለ 2.3.2 መኖር አለበት፣ ምክንያቱም አንድ ነገር ከፈልኩት ካላችሁ ቢያንስ ሁለት መሆን አለበት። በ2.3 ስር "2.3.1 ቆሮሶ" ብላችሁ ሌላውን ዓሣ አምባዛን ካላነሳችሁ ያ 2.3.1 አያስፈልግም፣ በ2.3 ውስጥ ይጠቃለል።

የርዕሶቹ አባባልም ይመሳሰል። አንዱ "የዓሣ ዋጋ አወሳሰን" ብሎ ሌላው "አስጋሪዎቹ ገበያ ላይ ምን ይገጥማቸዋል?" ካለ ማውጫው ላይ ሲደረደሩ አያምርም፣ ሁለተኛውን "የአስጋሪዎች የገበያ ችግሮች" በሉት። ከሁለት መስመር የሚበልጥ ርዕስ አትፃፉ፣ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብም አታድርጉ።

ደረጃ 1፦ ስታይሉን ማስተካከል

አሁን ወርድን ክፈቱ። ሆም የሚለው ታብ ላይ በቀኝ በኩል ስታይልስ የሚል ሳጥን አለ፣ ኖርማል፣ ሄዲንግ 1፣ ሄዲንግ 2 እያለ ይሄዳል። ብዙ ሰው አንዴ ነክቶት ፅሁፉ ሰማያዊ ሲሆንበት ደንግጦ ይተወዋል፣ ከዛ በእጁ ቦልድ አድርጎ ሳይዙን 14 ያደርጋል። ለዓይን ሄዲንግ ይመስላል፣ ለወርድ ግን ትልቅና ደማቅ ተራ ፅሁፍ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ማውጫ ሲጠየቅ አያገኘውም።

ሰማያዊውን ለማጥፋት ሄዲንግ 1 ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና ሞዲፋይ በሉ። ፎንቱን ታይምስ ኒው ሮማን፣ ሳይዙን ጋይድላይኑ ያለውን፣ ከለሩን ጥቁር፣ ቦልድ፣ መሀል ላይ። ከታች በግራ ፎርማት የሚል በተን አለ፣ እሱን ከፍታችሁ ፓራግራፍ ግቡና ስፔሲንጉን ቢፎርና አፍተር አስተካክሉ፣ ከዛ ላይን ኤንድ ፔጅ ብሬክስ በሚለው ታብ ፔጅ ብሬክ ቢፎር ላይ ምልክት አድርጉ። በዚህ እያንዳንዱ ምዕራፍ ራሱ አዲስ ገፅ ላይ ይጀምራል፣ ኢንተር ደጋግሞ መጫን ቀረ ማለት ነው። እዛው ኪፕ ዊዝ ኔክስት የሚል አለ፣ ሄዲንግ ላይ ብዙ ጊዜ በራሱ የበራ ነው፣ አታጥፉት፣ ርዕሱ ገፅ ግርጌ ላይ ብቻውን ቀርቶ ፅሁፉ ወደ ቀጣዩ ገፅ እንዳይሄድ የሚያደርገው እሱ ነው። ኦቶማቲካሊ አፕዴት የሚለውን ግን ባዶ ተዉት፣ እሱ ከበራ አንዱን ርዕስ ስትነኩ ሁሉም አብሮ ይቀየራል።

ሄዲንግ 2ንና ሄዲንግ 3ንም እንደዚሁ፣ በግራ አድርጓቸው፣ ፔጅ ብሬክ ሳይኖር።

ደረጃ 2፦ ስታይሉን ርዕሶቹ ላይ መጣል

ከርሰሩን ርዕሱ ላይ አድርጉና ኮንትሮል + አልት + 1 ተጫኑ፣ ሄዲንግ 1 ሆነ። በ2 ሄዲንግ 2፣ በ3 ሄዲንግ 3። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ካልሰራላችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ተራ ፅሁፍ በስህተት ሄዲንግ ከሆነ ኮንትሮል + ሺፍት + ኤን ወደ ኖርማል ይመልሰዋል።

ሳይዙና ቦልዱ በእጅ የተሰራ የቆየ ፋይል ከሆነ ስታይሉን ብትጥሉበትም የድሮው ቅርፅ ሊቀርበት ይችላል፣ ርዕሱን ሲሌክት አድርጋችሁ ኮንትሮል + ስፔስ ስትጫኑ በእጅ የተደረገው የፎንት ነገር ይጠፋና የስታይሉ ይቀራል።

ከዛ ቪው ውስጥ ናቪጌሽን ፔን የሚለውን አብሩ። በግራ በኩል የጥናታችሁ አፅም ይታያል። ይሄን ነገር በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም ማውጫ ሳታወጡ ስህተቱን እዛው ታዩታላችሁ፣ የጠፋ ርዕስ፣ ሄዲንግ የሆነ ሙሉ ፓራግራፍ፣ ባዶ መስመር። ርዕሱን በማውስ ይዛችሁ ወደ ላይ ወደ ታች ብትጎትቱት ደግሞ ከስሩ ያለው ፅሁፍ በሙሉ አብሮ ይሄዳል፣ "ይሄን ክፍል ወደ ምዕራፍ ሶስት ውሰዱት" ስትባሉ ኮፒ ፔስት አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩ በራሱ እንዲቆጠር

ይሄኛው ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ግን አንዴ ነው የሚሰራው። ከርሰሩን የመጀመሪያው ሄዲንግ 1 ላይ አድርጉ፣ ሆም ላይ መልቲሌቭል ሊስት ክፈቱና 1 ሄዲንግ 1፣ 1.1 ሄዲንግ 2 እያለ የሚሄደውን ምረጡ፣ ከሄዲንግ ጋር የተያያዘው እሱ ነው። ከዛ መልሳችሁ ክፈቱና ዲፋይን ኒው መልቲሌቭል ሊስት ግቡ፣ ሞር የሚለውን ተጫኑ። በግራ 1 ላይ ስትሆኑ ሊንክ ሌቭል ቱ ስታይል በሚለው ቦታ ሄዲንግ 1 መሆኑን አረጋግጡ፣ 2 ላይ ሄዲንግ 2፣ 3 ላይ ሄዲንግ 3።

በእንግሊዝኛ ለምትፅፉ ቻፕተር ዋን እንዲል ከተፈለገ ሌቭል 1 ላይ ከግራጫው ቁጥር በፊት ቻፕተር የሚለውን ቃል ፃፉና ነምበር ስታይሉን በፊደል ዋን፣ ቱ፣ ስሪ ወደሚለው ቀይሩት። ቀይራችሁ ስትወጡ ግን 1.1 የነበረው ዋን ነጥብ 1 ሆኖ ቁጭ ይላል። መድሃኒቱ ሌቭል 2 ላይና ሌቭል 3 ላይ ሊጋል ስታይል ነምበሪንግ የሚለውን ማብራት ነው፣ ወዲያው 1.1 ይሆናል።

በአማርኛ ለምትፅፉ ደግሞ ወርድ "አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት" ብሎ በፊደል አይቆጥርም። "ምዕራፍ 1" የሚፈቀድላችሁ ከሆነ ከቁጥሩ በፊት ምዕራፍ ብላችሁ መፃፍ ብቻ ነው። የግድ "ምዕራፍ አንድ" ከተባላችሁ ሌቭል 1 ላይ ያለውን ግራጫ ቁጥር ከሳጥኑ አጥፉት፣ የምዕራፉን ስም ራሳችሁ በእጅ ፃፉት። ቁጥሩ አይታይም እንጂ ውስጥ ለውስጥ መቆጠሩን ስለማያቆም ከስሩ ያሉት 1.1፣ 2.1 እያሉ በትክክል ይሄዳሉ። ሌቭል 2 ላይ ያለውን ግን እንዳታጠፉ።

በፊት በእጅ የፃፋችሁት ቁጥር ካለ አሁን አጥፉት፣ አለዚያ 1.1 1.1 የጥናቱ ዳራ ይሆናል።

ቁጥር የሌላቸው ርዕሶችስ? ምስጋና፣ አህፅሮተ ጥናት፣ ዋቢ ፅሁፎች፣ አባሪ፣ እነዚህ ማውጫው ላይ መግባት አለባቸው ግን ምዕራፍ አይደሉም፣ ሄዲንግ 1 ካደረጋችኋቸው ምስጋና ምዕራፍ አንድ ሆኖ ይቆጠራል። ለነሱ አዲስ ስታይል ፍጠሩ፣ ስሙን የፈለጋችሁትን በሉት፣ ስታይል ቤዝድ ኦን ላይ ኖርማል አድርጉ፣ መልኩን እንደ ሄዲንግ 1 አስመስሉት፣ ፎርማት ከዛ ፓራግራፍ ውስጥ አውትላይን ሌቭል የሚለውን ሌቭል 1 አድርጉት። በቃ፣ ቁጥር ሳይኖረው ማውጫ ላይ ይወጣል።

ደረጃ 4፦ የገፅ ቁጥር

ከምዕራፍ አንድ በፊት ያሉት ገፆች በትንሹ ሮማን ቁጥር፣ ምዕራፍ አንድ ደግሞ ከ1 እንዲጀምር ነው ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው። ምዕራፍ አንድ ከመጀመሩ በፊት ካለው የመጨረሻ ገፅ መጨረሻ ላይ ከርሰር አድርጋችሁ ሌይአውት፣ ብሬክስ፣ ከዛ ሴክሽን ብሬክስ ከሚለው ስር ኔክስት ፔጅ በሉ። ተራ ፔጅ ብሬክ አይሰራም፣ የግድ ሴክሽን ብሬክ ነው። ከዛ የምዕራፍ አንድን ግርጌ ደብል ክሊክ አድርጉና መጀመሪያ ሊንክ ቱ ፕሪቪየስን አጥፉ፣ ቁጥሩን ከመንካታችሁ በፊት። ቀጥሎ ፔጅ ነምበር፣ ፎርማት ፔጅ ነምበርስ፣ ስታርት አት 1። ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመልሳችሁ ፎርማቱን ሮማን አድርጉ። ሽፋኑ ላይ ቁጥር እንዳይታይ ዲፈረንት ፈርስት ፔጅ የሚለውን አብሩ።

ደረጃ 5፦ ማውጫውን ማውጣት

እዚህ ከደረሳችሁ የቀረው ትንሽ ነው። ማውጫው በሚገባበት ገፅ ላይ ሪፈረንስስ፣ ቴብል ኦፍ ኮንተንትስ፣ ከስር ከስተም ቴብል ኦፍ ኮንተንትስ። ሾው ሌቭልስ 3፣ ታብ ሊደር ነጥብ ነጥቡን፣ ኦኬ። ዝርዝሩ ላይ ማኑዋል ቴብል የሚል አለ፣ እሱን እንዳትመርጡ፣ እሱ ባዶ ፎርም ነው፣ በእጅ የሚሞላ።

የማውጫው ፎንት ካላማራችሁ ማውጫው ላይ ገብታችሁ በእጅ አታስተካክሉ፣ አፕዴት ስታደርጉ ይጠፋል። እዛው ከስተም ውስጥ ሞዲፋይ በሚለው ገብታችሁ ቲኦሲ 1፣ ቲኦሲ 2፣ ቲኦሲ 3 የሚባሉትን የማውጫ ስታይሎች (ቲኦሲ የቴብል ኦፍ ኮንተንትስ ምህፃር ነው) ነው መቀየር ያለባችሁ። በአማርኛ ለምትፅፉ ይሄ በጣም አስፈላጊ ነው፦ ፅሁፋችሁ ዩኒኮድ ባልሆነ በድሮው ፎንት ከተፃፈ ማውጫው ላይ የማይነበብ የላቲን ፊደል ቅልቅል ይመጣል፣ ምክንያቱም ፊደሉ ከውስጥ ላቲን ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። የቲኦሲ ስታይሎቹን ወደዛው ፎንት ስትቀይሩ ይነበባል፣ ትክክለኛው መፍትሄ ግን ከመጀመሪያው በዩኒኮድ መፃፍ ነው፣ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ይበቃል።

ፅሁፉ ላይ የሆነ ነገር በቀየራችሁ ቁጥር ማውጫው ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና አፕዴት ፊልድ፣ ወይም ኤፍ9። ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል፣ የገፅ ቁጥር ብቻ ወይም ኢንታየር ቴብል። ሁሌም ኢንታየር ቴብል በሉ፣ ርዕስ ቀይራችሁ ቁጥር ብቻ ካደሳችሁ የድሮው ርዕስ እዛው ይቀራል። በቁጥሩ ፋንታ ኤረር ቡክማርክ ኖት ዲፋይንድ የሚል ካመጣ ርዕሱ ተሰርዟል ወይም ተለውጧል ማለት ነው፣ ኢንታየር ቴብል ሲታደስ ይጠፋል። ባዶ መስመር ከነነጥቡ ከመጣ ደግሞ የሆነ ቦታ ፅሁፍ የሌለበት መስመር ሄዲንግ ሆኗል፣ ፈልጋችሁ ኖርማል አድርጉት።

የሠንጠረዥና የምስል ዝርዝር

ሠንጠረዡ ላይ ከርሰር አድርጋችሁ ሪፈረንስስ፣ ኢንሰርት ካፕሽን፣ ካፕሽን ማለት የሠንጠረዡ ወይም የምስሉ ቁጥርና መጠሪያ ነው። በአማርኛ ለሚፅፍ ኒው ሌብል ብሎ ሠንጠረዥ የሚል መፍጠር ይቻላል፣ ምስል የሚልም። የሠንጠረዥ ካፕሽን ከላይ፣ የምስል ከታች ነው የተለመደው፣ ጋይድላይናችሁን እዩ። ከዛ ኢንሰርት ቴብል ኦፍ ፊገርስ፣ ካፕሽን ሌብል ላይ ሠንጠረዥ መርጣችሁ አንዴ፣ ምስል መርጣችሁ አንዴ። ካፕሽኑ የምዕራፍ ቁጥር እንዲጨምር ማድረግም ይቻላል፣ ግን ምዕራፋችሁ በፊደል ዋን፣ ቱ ከሆነ ካፕሽኑም ቴብል ዋን ነጥብ 1 ስለሚል በቀጥታ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

በግሩፕ ለምትሰሩ

አምስት ልጅ አምስት ቦታ ፅፎ በቴሌግራም ተላልኮ የሚያዋህደው ስራ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። አንድ ሰው ስታይሉን አስተካክሎ ባዶ ፋይል ይላክላችሁ፣ ሁሉም እዛ ላይ ይፃፍ። ስታዋህዱ ደግሞ ፔስት ኦፕሽንስ ላይ ዩዝ ዴስቲኔሽን ስታይልስ በሉ፣ ኪፕ ሶርስ ፎርማቲንግ ካላችሁ የሌላውን ሰው ፎንትና ስታይል ሁሉ ይዞ ይመጣል፣ ሄዲንግ 1 የሚመስሉ ሶስት አይነት ሄዲንግ ይኖራችኋል።

ስልክ ላይ ለምትፅፉ ሄዲንጉን እዛው ስታይል እየሰጣችሁ ሂዱ፣ ቁጥሩንና ማውጫውን ግን ኮምፒውተር ላይ ጨርሱት። ጉግል ዶክስ ላይ ኮንትሮል + አልት + 1 እዚያም ይሰራል፣ ማውጫው ኢንሰርት ውስጥ ነው፣ የሄዲንግ ቁጥር አቆጣጠሩ ግን እንደ ወርድ አይመችም። በላቴክ የምትፅፉ ልጆች ማውጫው ባዶ ከመጣባችሁ ሁለቴ ኮምፓይል አድርጉ፣ አንደኛው ዙር ርዕሶቹን ይመዘግባል ሁለተኛው ያስቀምጣቸዋል።

ፕሪንት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት

ኮንትሮል + ኤ ከዛ ኤፍ9፣ ሁሉም ፊልድ፣ ማለትም ወርድ ራሱ የሚሞላው ማውጫና ቁጥር፣ ይታደሳል፣ ለማውጫውም ለሠንጠረዥ ዝርዝሩም ለየብቻ ከጠየቀ ኢንታየር ቴብል በሉ። ከዛ ከማውጫው ላይ አምስት ስድስት ርዕስ መርጣችሁ በተባለው ገፅ ላይ መኖራቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ፣ በተለይ የመጨረሻዎቹን፣ ዋቢ ፅሁፎችንና አባሪውን።

ፍላሽ ላይ የወርዱን ፋይል ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ፕሪንት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የናንተ ፎንት ከሌለ በሌላ ይተካዋል፣ መስመሩ ይረዝማል ወይ ያጥራል፣ ገፁ ይገፋል፣ ማውጫው ላይ 34 ያለው ርዕስ 36 ላይ ይገኛል። ሴቭ አዝ ብላችሁ ፒዲኤፍ አውጡ፣ ኦፕሽንስ ውስጥ ክሪኤት ቡክማርክስ ዩዚንግ ሄዲንግስ የሚለውን አብሩት፣ ለአድቫይዘር በሶፍት ኮፒ ስትልኩም በጎን ርዕሶቹን እየተጫኑ ማንበብ ይችላሉ። የሚታተመው ፒዲኤፉ ነው፣ ወርዱ መጠባበቂያ ይሁን። ጠንካራ ሽፋን ከመታሰሩ በፊት ደግሞ አንድ ኮፒ ብቻ አሳትማችሁ ማውጫውን ከታተመው ወረቀት ጋር ገፅ በገፅ አስተያዩት፣ የቀሩትን ኮፒዎች ከዛ በኋላ አሳትሙ።